የአስፈሪ ልብወለድ ሽፋን ማተሚያ ቤት ሲገባ ለምን ጭቃ ይሆናል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የመጀመሪያ ልብወለዴን በራሴ ወጪ 1,000 ቅጂ ላሳትም ነው። አስፈሪ ታሪክ ነው፤ 240 ገጽ፣ ኤ5። ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ ሐይቁ አጠገብ፣ ተከራዮች በሚኖሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከመሸ በኋላ መከፈት የሌለበት በር አለ። ሽፋኑን ታናሽ ወንድሜ በኤአይ ሠራልኝ፤ ምስሉን አያይዣለሁ። ጥቁር መደብ፣ የራስ ቅል፣ ጨረቃ፣ ከሥር አሮጌ ቤት፣ ርእሱ ደም በሚንጠባጠብ ቀይ ፊደል። ስልክ ላይ ያየው ሁሉ ወዶታል። ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲያወጣልኝ ግን ቤቱ ጠፋ፣ ሰማያዊው ግራጫ ሆነ፣ ቀዩም ደረቀ። ቀለም ቆጥበውብኝ ነው? ግሎሲ ላሚኔሽን ባስደርገው ይፈካል? ወይስ ሌላ ማተሚያ ቤት ልሂድ?»

ቀለም አልቆጠቡብህም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፋይልህ ወረቀቱ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ቀለም ይጠይቃል። ሌላ ማተሚያ ቤት ብትወስደውም ያው ፋይል ያው ጭቃ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ትርፉ ሁለተኛ ክፍያ ብቻ ነው። ግሎሲውም አያድንህም፤ እመለስበታለሁ።

ስልክ ብርሃን ያመነጫል። ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ወንድምህ የሠራው በአርጂቢ ነው፤ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን። የማተሚያ ማሽኑ የሚያውቀው ደግሞ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው። ያ ስልክህ ላይ የሚያበራው የሌሊት ሰማያዊ ከነዚህ ከአራቱ ድብልቅ ጨርሶ አይገኝም፤ ስለዚህ ፋይሉ ሲቀየር የሚቀርበውን ቀለም ይይዝና ግራጫ ይሆናል። በዚያ ላይ የቀለሙ ነጥብ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰፋል። ፋይሉ ላይ 85 በመቶ ጥቁር የነበረው ቦታ ሲታተም ከ90 በላይ ይሄዳል። የቤቱ ግድግዳ 88፣ ከኋላው ያለው ዛፍ 92፣ ሰማዩ 97 ቢሆኑ ስልክ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረቀት ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ናቸው። ቤትህ የጠፋው እዚያ ውስጥ ነው።

ይህን ለመፈተን ማተሚያ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የስልክህን ብርሃን ግማሽ አድርገህ እኩለ ቀን ላይ ውጪ ቁምና ሽፋኑን እየው። ከዚያ አቅራቢያህ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተህ በጥቁርና ነጭ አስወጣው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ሦስት ሜትር ራቅ በል። ያልታየህ ነገር ሽፋኑ ላይ የለም ብለህ ቁረጥ። ስልክ ላይ የወደዱት ወዳጆችህ ያዩት የስልኩን መብራት ነው።

ስለ ጥቁር ቀለም ትንሽ ልዘርዝር፤ አስፈሪ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ቀለም ብቻውን 100 በመቶ ሆኖ ሰፊ ቦታ ላይ ሲፈስ ጥቁር አይሆንም፤ የታጠበ ከሰል ይመስላል። ለዚህ ነው ሌሎቹ ቀለሞች ከሥሩ የሚገቡለት። ጀማሪው ግን አራቱንም 100 ያደርጋቸውና ድምሩ 400 በመቶ ይሆናል። የሽፋን ወረቀት በተለምዶ የሚሸከመው 300 ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ የተደረበውን ወረቀት ጀርባ ያቆሽሻል፣ ላሚኔሽኑም በደንብ አይይዝም። ሲያን 40፣ ማጀንታ 30፣ ቢጫ 30፣ ጥቁር 100 ብትል ድምሩ 200 ነው፤ እሱ ጥልቅ ጥቁር ይሰጥሃል። ሆኖም እዚያ ላይ ደቃቅ ነጭ ጽሑፍ እንዳታወጣ። አራቱ ፕሌቶች፣ ማለትም የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች፣ በፀጉር ስፋት ቢዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ ይሆናል። የኋላ ሽፋንህ ላይ ያለው የታሪኩ ማስተዋወቂያ አሁን ባለበት መጠን ከታተመ ግማሹ አይነበብም።

ግሎሲ ቀለም ያፈካል፤ ይህ እውነት ነው። ያልታተመን ቤት ግን ከየትም አያመጣም። ጥቁር ግሎሲ ሽፋን መስታወት ማለት ነው፤ ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ ልትለጥፈው ስትል የሚወጣልህ የራስህ እጅና የመስኮቱ ብርሃን ነው። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቀው ላሚኔሽን፣ ለአስፈሪ ታሪክ የሚስማማ ዝምታ አለው፤ ነገር ግን ጥቁር ማት እያንዳንዱን የጣት አሻራና እያንዳንዱን ጭረት ይመዘግባል። አዟሪ ክንድ ላይ ሁለት ሳምንት የከረመ ጥቁር ማት መጽሐፍ ጠርዙ ነጥቶ፣ መሀሉ በአሻራ ተዥጎርጉሮ አሮጌ ይመስላል። ስለዚህ ለግሎሲና ማት ጥያቄህ የምሰጥህ መልስ ሌላ ነው፦ መደቡን ጥቁር አታድርገው።

አስፈሪ ማለት ጥቁር ማለት ነው ያለህ ማነው? ሐዋሳ ውስጥ ልብ የሚያሸብረው ሰዓት ድቅድቅ ጨለማው አይደለም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሐይቁ ገና ነጭ ሆኖ ዳሩ ላይ ያለው ቀጤማና ዋርካ ሲጠቁር ነው። መብራት ገና አልበራም፤ ሰው ይታይሃል፣ ማን እንደሆነ ግን አትለይም። ያ ቀለም፣ አመድማ አረንጓዴ ያለበት ፈዛዛ ነጭ፣ በትንሽ ቀለም ይታተማል፣ አሻራ አያሳይም፣ ከላዩ የሚያርፈው ማንኛውም ጥቁር ቅርጽም ከሩቅ ይለያል። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ጥቁር ሽፋኖች መሀል ብቻውን ይወጣል። ጨለማን ለማሳየት ብርሃን መተው ያስፈልጋል፤ ሰዓሊ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ። ከላክልኝ ነገር ሁሉ በጣም ያስቆጨኝ እሱ ነው። የላቲን ፊደል ላይ ደም ቢንጠባጠብ ፊደሉ ያው ፊደል ነው። የኛ ፊደል ግን አናባቢውን ከሚሸከምባቸው ቦታዎች አንዱ እግሩ ነው። የ«በ» ቀኝ እግር ከረዘመ «ባ» ነው፤ ግራው ከረዘመ «ቦ» ነው። የ«ለ» ቀኝ እግር መሀሉ ላይ ጉብ ካለ «ሉ»፣ ከታች ጉብ ካለ «ሊ» ይሆናል። ወንድምህ ከያንዳንዱ እግር ደም አንጠባጥቧል፤ ጠብታዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። ርእስህ ውስጥ ያለውን «በሩ» የሚለውን ቃል ከሩቅ ሆኜ ሳነበው «ባሩ» ነው የሚለው። መጽሐፍህን ፒያሳ አስፋልት ዳር የሚያየው ሰው ስለ መሸታ ቤት የተጻፈ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ሦስት ሰው አሳየሁት፣ ሁለቱ «ባሩ» አሉ።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ በካፒታል መጮህ አይቻልም። የቀረን መሣሪያ መጠን፣ ውፍረትና ባዶ ቦታ ነው። ርእሱን በወፍራም፣ እግሮቹ በግልጽ በሚለዩበት ፊደል ጻፈው። አቢሲኒካና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ለንግድ ሥራም ቢሆን በነፃ የተፈቀዱ ናቸው። ከሁለቱም የሚሻለው ግን የእጅ ጽሑፍ ነው። ከተማችን ውስጥ አሁንም ታፔላ በብሩሽ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እግር የት እንደሚረዝምና የት እንደሚቆም እጃቸው ያውቀዋል። አንዱን አስጽፈህ ስካን አድርገው። ፍርሃቱን ከደም ጠብታ ሳይሆን ከጭረቱ አምጣው፤ ቀለሙ እያለቀበት የሄደ ብሩሽ፣ የመጨረሻው ፊደል ላይ የሳሳ። ለፊደሉ የትኛውንም መንገድ ብትመርጥ ፋይሉ ከመሄዱ በፊት ጽሑፉ በሙሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር፣ ማለትም ፎንት የማይፈልግ ሥዕል ይሁን። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ርእስህ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል።

ስለ ቀይ ቀለም ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ፀሐይ ቶሎ የምትበላቸው ማጀንታንና ቢጫን ነው፤ ቀይ የሚሠራው ደግሞ ከነዚህ ከሁለቱ ነው። አስፋልት ዳር ተዘርግቶ የሚውል መጽሐፍ ደሙ በጥቂት ወራት ውስጥ የሻይ ነጠብጣብ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ቀይ ዋጋ የሚኖረው ሲቆጠብ ነው። በብራና መጻሕፍታችን ገጹ በጥቁር ይጻፍና ቀይ የሚሰጠው ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ነው፤ ዓይን ወዲያው የሚሄደውም ለዚያ ነው። አንተም ሽፋኑ ላይ አንድ ቀይ ነገር ብቻ ይኑርህ። የጣት ጥፍር የሚያህል ቢሆን ይበቃል።

የራስ ቅሉን ጣለው። የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ላይም፣ የአይጥ መርዝ ፓኬት ላይም አለ፤ «አትንካ» ማለት ከሆነ ቆይቷል፣ ፍርሃት አይደለም። ከሥሩ ያለው ቤት ደግሞ የጭስ ማውጫ ያለው ሾጣጣ የእንጨት ቤት ነው፣ ከኋላውም ጥድ ቆሟል። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የት ነው ያለው? ማሽኑ የሠራው የሌላ አገር ሰው የፈራውን ነገር ነው። የኛ ሰው ይህን ሲያይ ፊልም ትዝ ይለዋል፤ ፊልም ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ነው። የሚያስፈራው ትናንት ያለፈበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ሲዛነፍ ነው።

የተከራይ ግቢ ምን እንደሚመስል አንተም እኔም እናውቃለን። የቆርቆሮ አጥር፣ በመስመር የተደረደሩ ክፍሎች፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በየበሩ ጫማ። እኔ ብሆን የምስለው ጫማውን ነው። አምስት በር፣ በየበሩ አንድ ጥንድ ጫማ፤ ሰው ሲገባ እንደሚያወልቀው አፍንጫቸው ወደ በሩ ዞሯል። የአምስተኛው በር ጫማ ብቻ አፍንጫው ወደ ውጪ፣ ወደ ተመልካቹ ነው። ልክ አንድ የማይታይ ሰው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እንደቆመ። ደም የለም፣ አጥንት የለም፣ ጨረቃም አያስፈልግም። ገዢው መጀመሪያ ምንም አይታየውም፤ ከዚያ ያየዋል፤ ከዚያ መጽሐፉን ይገለብጠዋል። ሽፋን ከዚህ በላይ ሥራ የለበትም።

ጫማው ታሪክህ ውስጥ ቦታ ከሌለው ሌላ ፈልግ፤ እዚሁ ሞልቷል። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ እንደ ምሳሌ ውሰድ። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ራሱ መላጣ ነው፣ ትከሻውን አጥብቦ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ችግሩ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የአንጀት ትርፍራፊ ሲሻማ ስላየነው ሐዋሳ ውስጥ የሚያስቅ እንጂ የሚያስፈራ ወፍ አይደለም። ከፊት ከሣልከው ይሳቅብሃል። ከኋላ፣ በአመሻሽ ብርሃን፣ ከተዘጋው በር በላይ ቆርቆሮው ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ሰው ይሁን ወፍ እስኪያጠራጥር በጥቁር ቅርጽ ብቻ ብታስቀምጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ጥንቱ ሥዕላችን መሄድም ትችላለህ፤ እዚያ ያለው የማስፈራት እውቀት ከማንኛውም የተዘጋጀ ምስል ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል፤ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። አያትህ ሽፋንህ ላይ ባለ አንድ ዓይን የጎን ፊት ብታይ ማንም ሳያብራራላት ይገባታል። ክታቦቹም አሉ፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅ ረጅም ብራና፣ ላዩ ላይ በመስመር የተጠላለፈ ጥልፍ፣ ከጥልፉ መሀል አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች። እዚህ ላይ ግን ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትክክለኛ ክታብ ፎቶ አንስተህ ወይም የቅዱስ ሥዕል ቆርጠህ የአስፈሪ ልብወለድ ሽፋን ላይ እንዳትለጥፍ። ለብዙ ሰው ይህ ጸሎት ነው። መጽሐፍህን የሚሸጥልህ ባለመደብርም፣ መጽሐፉን ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የምታገኘው እናትም ያዩታል። የሥዕሉን ሰዋስው ተማር፤ ሥዕሉን አትውሰድ። ታሪክህ ከዚህ ዓለም ጋር ካልተገናኘ ደግሞ ጭራሽ አትጠጋው፤ ውስጡ የሌለ ነገር ላዩ ላይ ሲገኝ አንባቢ ተታለልኩ ይላል።

አንድ ጊዜ ከአገር ልውጣ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሶክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ አርክሃም ሃውስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ተቋቋመ። የመጀመሪያ መጽሐፉ አስፈሪ ታሪኮች ነበሩ፤ የታተመውም 1,268 ቅጂ ብቻ ነው፤ ካንተ ብዙም አይበልጥም። ሽፋኑን የሠራው ቨርጂል ፊንሌይ ስሙን ያተረፈው በርካሽ ወረቀት በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ በጥቁር ቀለም ነጥብና ጭረት በሚሠራቸው ሥዕሎች ነው። ነጥብና ጭረት የመረጠው ለስላሳው ጥላ እዚያ ወረቀት ላይ ስለሚሞት ነው ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ሥራው የኖረው ለዚያ ነው። ነጥብ ወይ አለ ወይ የለም፤ 88 እና 92 የሚባል ጣጣ ውስጥ አይገባም። ደህና ማሽን በሌለበት የሚያዋጣው በመስመር የተሠራ ሥዕል ነው፤ ዛሬም።

ስለ መጽሐፉ ጎን፣ ስፓይን ስለምንለው፣ ምንም አልጠየቅኸኝም። መጠየቅ የነበረብህ ግን እሱን ነው። አዟሪን አስታውስ፤ ከክንዱ እስከ አገጩ መጻሕፍት ደርድሮ መናኸሪያና ካፌ ሲዞር የሚታይህ የመጻሕፍቱ ጎን ነው። የፊት ሽፋኑ የሚታየው መዘህ ስታወጣው ነው። ላንተ መጽሐፍ ሒሳቡ ይህ ነው፦ 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፤ 80 ግራም ወረቀት በተለምዶ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 12 ሚሊ ይሆናል፤ የሽፋኑ ውፍረት ሲጨመር ወደ 13 ትጠጋለህ። ግን ይህ ግምት ነው። 70 ግራም ከሆነ ይሳሳል፤ ያው 80 ግራም ሆኖ ክሬም መልክ ያለውና ላላ ብሎ የተነፋው ወረቀት ከሆነ 16 ሚሊ ሊያልፍ ይችላል። 240 ያልከው ኮምፒውተርህ ላይ በኤ4 ተቆጥሮ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ቁጥር ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ውስጡ በኤ5 ይጠናቀቅ።

በራሴ የደረሰ ነው። የአንድ የግጥም መጽሐፍ ሽፋን ሠርቼ ጎኑን በ70 ግራም አስልቼ ሰጠሁ። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱ ሲያልቅበት በሌላ፣ በወፍራም ወረቀት አተመው፤ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጎኑን ጥቁር፣ ፊቱንና ኋላውን ቢጫ አድርጌ መሀላቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አውጥቼ ነበር። 500 መጽሐፍ ጥቁሩ ጎኑን ሳይሞላ፣ ቢጫው በሁለቱም በኩል ታጥፎ ገብቶ ወጣ። ገጣሚው ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ነው ያሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ በጎንና በፊት መሀል መስመር አውጥቼ አላውቅም። መደቡ ከኋላ ሽፋን ጀምሮ ጎኑን ዞሮ እስከ ፊት አንድ ወጥ ይሁን፤ ሁለት ሚሊ ቢንሸራተት ማንም አያውቅም። ጎኑ ላይ ርእሱንና ስምህን ብቻ ጻፍ፤ ከሁለቱም ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሚሊ ተውለት።

የኤአይ ምስሉን «ጥራቱን ከፍ አድርገን እንጠቀምበት» እንደምትሉ እገምታለሁ። የላክኸው ፋይል 1,024 በ1,024 ፒክሰል ነው። ለህትመት በሚያስፈልገው በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲሰላ ስፋቱ 8.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለልደት ካርድ ይሆናል። አንተ የሚያስፈልግህ የፊቱ፣ የጎኑና የኋላው በአንድ ላይ ሆኖ፣ ለመቁረጫው ዙሪያውን 3 ሚሊ ትርፍ ተጨምሮበት፣ 315 በ216 ሚሊ ነው፤ ማለትም 3,720 በ2,551 ፒክሰል ገደማ። ፕሮግራሙ ሲያሳድገው የሚጨምረው ልስላሴ እንጂ ዝርዝር አይደለም። ከኢንተርኔት ላይ የፊልም ፖስተር ወይም የሌላ ሰው ሥዕል አንስቶ መጨመርም አለ፤ በሕግ ያስጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ፎቶግራፍንም ይጠብቃል፤ «ምንጩ ላይ ስም አልነበረም» መከላከያ አይሆንህም። ሰዓሊ ስታሠራም በጽሑፍ ተዋዋል። ሁለተኛ እትም ላይ መጠቀም ትችላለህ? ለማስታወቂያስ? የመጀመሪያው ሥዕል ከማን ጋር ይቀራል? የሰዓሊው ስም የት ይጻፋል? አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከወዳጅ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል።

ስለ ወጪ የተጋነነ ተስፋ አልሰጥህም። መደቡ፣ ጥቁሩና ቀዩ ለየብቻ በተቀመመ ቀለም ከታተሙ በኦፍሴት (በፕሌት በሚታተመው) ሦስት ፕሌት ማለት ነው፤ አራት ቀለም አራት። ያም ሆኖ ብዙ ማተሚያ ቤት ሽፋንን በአራት ቀለም ማሽን ላይ ከሌላ ሥራ ጋር አዳብሎ ስለሚያትም ልዩነቱ እንደምትጠብቀው ላይሰፋ ይችላል፤ ጠይቅ። ሐሳብህን ቀይረህ 200 ወይም 300 ቅጂ ብቻ የምታሳትም ከሆነ በዲጂታል ይሠራልህ፤ እዚያ የቀለም ብዛት ዋጋ አይለውጥም፣ ሰፊ ጥቁር ግን በዲጂታልም መስመር መስመር እየሆነ ያስቸግራል። በቀለም ቁጠባ የምታተርፈው ከኪስህ ይልቅ ከውጤቱ ነው፤ ቀለም ሲያንስ የሚዛነፍበት ቦታም ያንሳል።

ስለዚህ ይህን አድርግ። ይህን ሽፋን ተወው፤ አታስጠግነው። ለሰዓሊ ክፈል፤ በወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ በመስመርና በነጥብ አንድ ሥዕል ይሥራልህ፤ በ600 ዲፒአይ ስካን ይደረግ። መደቡ ያ የአመሻሽ አመድማ ነጭ ይሁን፤ ከላዩ ጥቁር፤ ከዚያ አንድ ትንሽ ቀይ። ርእሱ በብሩሽ የተጻፈ፣ ስፋቱ ቢያንስ የሽፋኑን ሁለት ሦስተኛ የሚይዝ፣ እግሮቹ ያልተነኩ። የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥቁር፣ በፈዛዛ መደብ ላይ፤ ባር ኮዱም ነጭ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይቀመጥ፣ አለዚያ አይነበብም። ከ250 እስከ 300 ግራም አርት ካርድ፣ ማት ላሚኔሽን። ገንዘብ ከተረፈህ ዩቪ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀውን ቅብ፣ የምትቀባው ርእሱን ሳይሆን ያን የዞረውን ጫማ ነው፤ መጽሐፉን ሲያዘነብሉት ብቻ ብልጭ እንዲል። ካልተረፈህ ምንም አይጎድልብህም።

ማተሚያ ቤቱን አትቀይር። ናሙና አውጥቶ ማሳየቱ ራሱ ደግ ምልክት ነው፤ የማያሳዩ አሉ። ነገር ግን ሁለተኛውን ናሙና በትክክለኛው ካርድ፣ ላሚኔሽኑ ተደርጎበት ጠይቅ፤ በተራ ወረቀት የወጣውን አይተህ አትፈርም። ስትፈርም የውስጡ ወረቀት ዓይነትና ግራም እዚያው ላይ ይጻፍ፤ ሊቀየር ከሆነ አስቀድመው እንዲነግሩህ።

ወንድምህንም ከሥራው አታስወጣው። ማተሚያ ቤቱ ከሚያትምበት ወረቀት ላይ 120 ቅጠል ይለምን፤ አጥብቆ ይዞ በካሊፐር ይለካ፣ የሽፋኑን ውፍረት ይጨምርና ፋይሉን በዚያ ልክ ያዘጋጅ። እሱ እስኪለካ ድረስ ሰዓሊው ጎኑን አይንካ።